አራዊትን በአጥር ውስጥ ስለ ማኖር

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እየተባለ ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የኖረው ምሳሌ ስለ ሰዎች ኅብረት የተነገረ እንጂ ስለ አንበሳ የተነገረ አይደለም። ምሳሌውን የተናገሩት አባቶች አንበሳን ማሰር ከሰው ዐቅም በላይ የሆነ ነገር መስሎ ስለ ታያቸው፣ የኅብረትን ኀይል ለማስረዳት ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አላገኙም። ዛሬ ግን ብረትና ሲሚንቶ በድሩ ፈንታ ገብተዋልና አንበሳን ማሰር ለማንም የሚቸግር ሥራ አይደለም። ገንዘብ ያለው ሰው ወይም ማዘጋጃ ቤት፣ አንበሳውንም ነብሩንም ዝሆኑንም አጥሮ ሊያኖር ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው ማሰር ይቻላልን? ከሚለው አልፎ፣ ያሰረ ሰው ለታሰረው ምን ዕዳ አለበት? ወደሚለው ደርሷል።

በኦሪት ዘፍጥረት እንደ ተጻፈው ሰው በምድር አራዊት ላይ ሥልጣን ተሰጥቶታል። ይህንንም ሥልጣን ብዙ ሰው እንደ ባለርስትነት አድርጎ ይተረጕመዋል። ነገር ግን ሹመትና ርስት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ከመንግሥት ሠራተኞች ይልቅ የሚያውቅ የለም። ባለርስት በርስቱ እንደ ወደደ ያዝዛል፤ ሹም ግን በተሾመበት ሁሉ ይጠየቃል፤ መዝገቡን ያቀርባል፤ የጐደለ ቢገኝ ስለ ጐደለው መልስ ይሰጣል። አዳምም ለአራዊት ሁሉ ስም ያወጣላቸው በተሰጠው ሥልጣን ነው፤ ዳሩ ግን ስም ማውጣት የአባት ሥራ ነው እንጂ የወህኒ አዛዥ ሥራ አይደለም። እንግዲህ የሰው ሥልጣን በአራዊት ላይ ሹመት ከሆነ፣ አጥሩን የሠራ ሁሉ ስለ ሠራው አጥር የሚጠየቅበት ቀን አለ ማለት ነው።

በኢትዮጵያ አንበሳን በግቢ ማኖር የቈየ ልማድ ነው። የዐፄ ቴዎድሮስ አንበሶች በታሪክ የታወቁ ናቸው፤ ከእርሳቸውም በኋላ ነገሥታቱ በቤተ መንግሥታቸው አንበሳ አኑረዋል። አንበሳ የመንግሥቱ ምልክት ስለ ነበረ፣ በደጅ የታየው አንበሳ ስለ ንጉሡ ግርማ የሚናገር እንደ ዐዋጅ ነጋሪ ሆኖ ይቈጠር ነበር። በ1940 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በአዲስ አበባ በስድስት ኪሎ የአንበሳ ግቢ አቋቋሙ። ሥራው የተጀመረው በሰባት አንበሶች፣ ይኸውም በ5 ወንዶችና በ2 ሴቶች ነበር። ከዚያም በኋላ በነበሩት ብዙ ዓመታት፣ ከጠቅላይ ግዛት የመጣ መንገደኛ፣ በበዓል ቀን ልጆቹን የሚያስደስት አባት፣ ከመምህሩ ጋራ የመጣ ተማሪ በግቢው ዙሪያ ቆሞ አንበሳን ተመልክቷል። ከከተማው ሰዎች ብዙዎቹ በሕይወት ያለ አንበሳ ያዩት በዚያ ብቻ ነው። ይህም እንደ ትንሽ ነገር የሚቈጠር አይደለም፤ ሰው ፈጽሞ ላላየው ነገር ሊያዝንለት ያስቸግረዋልና።

ይሁን እንጂ ተመልካቹ በእውነት ያየው ምንድን ነው? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። አንበሳ በዱር ሲኖር ከወገኖቹ ጋራ በማኅበር ይኖራል፤ ሴቶቹ ተረዳድተው ያድናሉ፤ ደቦሎቻቸውንም አብረው ያሳድጋሉ፤ ወንዶቹ በድምፃቸውና በሽታቸው ወሰናቸውን ያስከብራሉ፤ ሌሊትም ብዙ መንገድ ይሄዳሉ። ይህ አውሬ በጠባብ የብረት ቤት ሲዘጋ ሥጋው ተቈርጦ ይቀርብለታል፤ ከዝናብ የሚጠለልበት ጣራ አለው፤ ጠላትም አይመጣበትም። ነገር ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የተፈጠረበትን ሥራ ሁሉ ተነጥቋል። ከዚህም የተነሣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ በአንድ መንገድ ላይ፣ ያለማቋረጥ መመላለስ ይጀምራል። በውጭ የቆመው ሰው ይህን ሲያይ የአንበሳው ግርማ ወይም ቍጣ ይመስለዋል። የአራዊትን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት ግን መመላለሱ የጭንቀት ምልክት መሆኑን አረጋግጠዋል።

በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመረምሩ ሁለት ሊቃውንት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ ይህን ነገር በቍጥር አስረድተዋል። ሥጋ በል ከሆኑት አራዊት መካከል፣ በተፈጥሯቸው በሰፊ አገር የሚዘዋወሩት በአጥር ውስጥ ከሌሎቹ ይልቅ ይጨነቃሉ፤ ግልገሎቻቸውም አብልጠው ይሞቱባቸዋል። ለምሳሌ ያህል በበረዶ አገር የሚኖረው ነጭ ድብ፣ በአራዊት ግቢ የሚሰጠው ቦታ፣ በአገሩ ሳለ ቢያንስ ከሚዘዋወርበት ቦታ ከሚሊዮን አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው ብለዋል። ስለዚህ የአራዊት ጠባቂ፣ እኔ በጊዜው አበላለሁና ምንም አልበደልኩም ቢል መልሱ በቂ አይሆንም። ሰውም በወህኒ ቤት እንጀራ ሳይጐድልበት ሊያዝን እንደሚችል፣ እስረኛ የጠየቀ ሁሉ ያውቃልና።

ጕዳቱ በታሰረው ላይ ብቻ አይቀርም፤ በተመልካቹም ልብ ላይ የሚያሳድረው ልማድ አለ። ፍጥረትን በብረት ፍርግርግ ውስጥ አድርጎ መዝናናትን የለመደ ዐይን፣ ወሰኑ የት እንደ ሆነ ሊዘነጋ ይችላል። በአሜሪካ በኒው ዮርክ ከተማ፣ በብሮንክስ የአራዊት ግቢ፣ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1906 ዓ.ም. ኦታ ቤንጋ የተባለ የኮንጎ ተወላጅ በጦጣዎች ቤት ውስጥ እንዲታይ ተደርጎ፣ ሰዉ በብዛት እየመጣ ተመልክቶታል። ይህን ነውር ተቃውመው ድምፃቸውን ያሰሙት በከተማው የነበሩ ጥቁር የወንጌል ሰባኪዎች ነበሩ። ሰውየው ከግቢው ቢወጣም ኀዘኑ አልወጣለትም፤ በ1916 ዓ.ም. በገዛ እጁ ሞተ። አንበሳና ሰው አንድ ናቸው የሚል አስተዋይ የለም። ነገር ግን መመልከትን ብቻ የሚያስተምር ግቢ ርኅራኄን ሳያስተምር እንደሚቀር ይህ ታሪክ ይመሰክራል።

በፍርግርጉ የሚያፍሩ ሰዎች ፍርግርጉን ለማስቀረት ደክመዋል። ካርል ሐገንቤክ የተባለው ጀርመናዊ በ1907 ዓ.ም. በሐምቡርግ አጠገብ ብረት የማይታይበት የአራዊት ግቢ ከፈተ፤ በተመልካቹና በአውሬው መካከል ያለው ጥልቅ ጕድጓድ ስለ ሆነ፣ አንበሳው በሜዳ ላይ ያለ ይመስል ነበር። በእንግሊዝ አገርም በሎንግሊት በ1966 ዓ.ም. ሰው በመኪና ውስጥ ሆኖ በአንበሶች መካከል የሚያልፍበት ሰፊ መናፈሻ ተከፈተ፤ ይህም ሳፋሪ ፓርክ የሚባለው ሥራ ከአፍሪካ ውጭ የተጀመረበት ነው። ሰፊ ቦታ ከጠባብ ቦታ እንደሚሻል የሚክድ የለም። አንበሳው ሣር ይረግጣል፤ ከወገኖቹ ጋራ ይተኛል፤ ከሰው ዐይንም ሊሸሸግ ይችላል። ሆኖም መለየት ያለበት ነገር አለ። ለአንበሳው የሰፋ ቦታና ለተመልካቹ የተሰወረ አጥር አንድ አይደሉም። አጥሩ ከሰው ዐይን ብቻ ተሰውሮ ቢሆን፣ የቀለለው የተመልካቹ ኅሊና ነው እንጂ የአውሬው ኑሮ አይደለም።

አራዊትን በግቢ ማኖር ይገባል የሚሉ ሰዎች የሚያቀርቡት ማስረጃ በቅን ልቡና ሊደመጥ ይገባዋል። ዱሩ እየተመነጠረ፣ እርሻው እየሰፋ፣ አዳኙም እየበዛ ሲሄድ፣ በግቢ የተጠበቀው ዘር ከጥፋት ሊተርፍ ይችላል ይላሉ። ይህም ባዶ ቃል አይደለም። የስድስት ኪሎው ግቢ ራሱ ምስክር ነው። በእንግሊዝ አገር በዮርክ ዩኒቨርሲቲና በጀርመን አገር በላይፕሲክ ከተማ በሚገኘው በማክስ ፕላንክ ተቋም ያሉ ሊቃውንት ከሌሎች ጓደኞቻቸው ጋራ ሆነው፣ በግቢው ከነበሩት 20 አንበሶች የ15ቱን ዘር መርምረው ውጤቱን በ2005 ዓ.ም. አስታወቁ። እነዚህ አንበሶች ጥቁሩ ጋማቸው ከራሳቸው አልፎ እስከ ደረታቸውና እስከ ሆዳቸው የሚወርድ ነው፤ በዘራቸውም ከተመረመሩት ከሌሎቹ የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ ሆነው ተገኙ። ሊቃውንቱም ዘራቸው እንዳይጠፋ በጥንቃቄ እንዲራቡ፣ በዱርም የሚመስሏቸው እንዳሉ እንዲፈለግ መከሩ። እንግዲህ ለክብርና ለመታያ የተሠራው ግቢ፣ ማንም ሳያስበው የውድ ዘር ጎተራ ሆኖ ተገኘ።

ዳሩ ግን ጎተራ ጠባቂ ካልተገኘለት ምን ይጠቅማል? ምርመራው ከመታወቁ ከስድስት ዓመት በፊት፣ በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ከዚያው ግቢ የተሰማው ወሬ እጅግ የሚያሳዝን ነበር። ለሚወለዱት ደቦሎች ቦታም ቀለብም ስላልተገኘ በመርዝ እንዲሞቱ ይደረግ እንደ ነበር፣ ሬሳቸውም ቆዳውን አድርቀው ለጌጥ ለሚያዘጋጁ ሰዎች ይሸጥ እንደ ነበር፣ የግቢውን ኀላፊ ቃል ጠቅሰው የውጭ አገር ዜና ማሰራጫዎች ለዓለም ነገሩ። የመንግሥቱ ምልክት ሆኖ የኖረው አውሬ፣ ዘሩም ውድ መሆኑ ሊታወቅ የተቃረበው፣ ከመወለዱ በፊት መኖሪያው ስላልታሰበለት ብቻ እንደ ትርፍ ዕቃ ተቈጠረ።

ይህን የሰማ ሰው ጥፋቱን ሁሉ በድኽነት ሊያመካኝ ይችላል። ነገር ግን ምክንያቱ ድኽነት ብቻ አለመሆኑን በባለጸጋ አገር የሆነው ያስረዳል። በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን የአራዊት ግቢ፣ በየካቲት ወር 2014 ዓ.ም. እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር፣ ማሪየስ የሚባል ጤነኛ ቀጭኔ በጥይት ተገደለ። ሥጋው በተመልካቾች ፊት ተቈራርጦ ለአንበሶች ተሰጠ። በዚያ ግቢ የገንዘብም የምግብም እጥረት አልነበረም። የተሰጠው ምክንያት፣ የእርሱን ዘር የሚመስሉ ቀጭኔዎች በኤውሮፓ ግቢዎች ስለ በዙ ለማራቢያ አያስፈልግም የሚል ነው። አዲስ አበባ ቀለብ ጐደላት፤ ኮፐንሃገን በመዝገቧ ላይ ባዶ መስመር ጐደላት። ሁለቱም ያደረጉት ግን አንድ ነው። ፍጥረቱ ወዴት እንደሚሄድ ሳይወስኑ እንዲወለድ ፈቀዱ፤ ከተወለደ በኋላም ቦታ የለህም አሉት። እንግዲህ በደሉ የሚጀምረው ከመግደያው ሰዓት ሳይሆን፣ መውጫ በሌለው ቤት ውስጥ ማራባት ከተጀመረበት ሰዓት ነው።

አራዊትን ስለ መጠበቅ የሚነጋገር ሰው ሁሉ የኖኅን መርከብ ይጠቅሳል። መርከቡ በእርግጥ ግቢ ነበረ፤ አራዊቱ ተዘግተውበታል፤ ጠባብም ነበረ። ነገር ግን መርከቡን ከወህኒ ቤት የሚለዩት ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የገቡት ውጭው ውኃ ስለ ሆነባቸው ነው እንጂ ለመታያ አልነበረም። ሁለተኛ፣ ጠባቂው ከነቤተ ሰቡ አብሯቸው ተዘግቶ መከራቸውን ተካፍሏል። ሦስተኛ፣ ውኃው በጐደለ ጊዜ በሩ ተከፍቷል። ኖኅ ውኃው ከጐደለ በኋላ በሩን ዘግቶ አራዊቱን ለልጆቹ መዝናኛ ቢያስቀራቸው ኖሮ፣ መርከቡ መዳኛ መባሉ በቀረ ነበር። ስለዚህ አንድ የአራዊት ግቢ መርከብ ነው ወይስ ወህኒ? ብሎ የሚጠይቅ ሰው በሩን ይመልከት።

በሩ የተከፈተበት ምሳሌ አለ። በዐረብ በረሓ የሚኖረው ነጭ ሳላ በአዳኞች ብዛት አልቆ፣ የመጨረሻው የዱር ሳላ በ1972 ዓ.ም. በዖማን አገር ተገደለ። ነገር ግን ነገሩን አስቀድመው ያዩ ሰዎች ጥቂቶቹን ሰብስበው በአሜሪካ በአሪዞና አገር በፊንክስ የአራዊት ግቢ አራብተዋቸው ነበርና፣ በ1982 ዓ.ም. ከግቢ የተወለዱት ሳላዎች ወደ ዖማን በረሓ ተመለሱ። ከጊዜ በኋላ 450 ደረሱ። ይህ ለመርከብነት የተገባ ሥራ ነው። ቢሆንም ታሪኩ በዚህ አልተፈጸመም። የአዳኝ ሌባ ስለ በዛ ቍጥራቸው ወደ 65 ወረደ፤ የተከለለላቸውም ምድር ለነዳጅ ፍለጋ ተብሎ ከዐሥር እጅ ዘጠኙ ተቀነሰ። ከዚህም የተነሣ ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ያን ቦታ ከዓለም ቅርስ መዝገብ ሰረዘው፤ ከዚያ መዝገብ ቦታ ሲሰረዝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። እንደ ደግ ዕድል ሆኖ በሌሎች የዐረብ አገሮችም መልሰው ለቀዋቸዋልና ዘሩ ዛሬ በዱር አለ። ትምህርቱ ግን ግልጥ ነው። በር መክፈት ብቻውን አይበቃም፤ ከበሩ ውጭ የሚጠብቃቸው ምድርና ሕግ ያስፈልጋል። ኖኅም ከመርከቡ ያወጣቸው የምትረገጥ ደረቅ ምድር ካገኘ በኋላ ነው።

ሌላም ሊታሰብ የሚገባው ልማድ አለ፤ ይኸውም አራዊትን በመንግሥታት መካከል እንደ ገጸ በረከት መስጠት ነው። በ1882 ዓ.ም. እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር፣ በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ከነበሩት ከምኒልክ ለፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ አንድ የሜዳ አህያ ተላከ። የፈረንሳይ ሊቃውንት ዝንጕርጕሩ ቀጭን፣ ጆሮውም ሰፊ መሆኑን አይተው ልዩ ወገን ነው ብለው በፕሬዚዳንቱ ስም ሰየሙት። አውሬው ግን ብዙም ሳይቈይ ሞተ። ስሙ በሳይንስ መጻሕፍት እስከ ዛሬ ይነበባል፤ ወገኖቹም ዛሬ በዱር የሚገኙት በኢትዮጵያና በኬንያ ብቻ ነው። የስጦታው ዕድሜ አጭር ስለ ነበረ መከራውም አጭር ሆነ። ካቫን የተባለው ዝሆን ዕጣ ግን ከዚህ የከፋ ነው። በ1985 ዓ.ም. ስሪ ላንካ ለፓኪስታን ሰጠችው፤ በኢስላማባድ የአራዊት ግቢም ብዙ ዘመን ታሰረ። ጓደኛው የነበረችው ዝሆን በ2012 ዓ.ም. ከሞተች በኋላ ብቻውን ቀረ። በመጨረሻ የኢስላማባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2020 ዓ.ም. ጉዳዩን መርምሮ እንስሳትም በሕግ ፊት መብት አላቸው ሲል ፈረደ፤ ዝሆኑም በዚያው ዓመት በአውሮፕላን ወደ ካምቦዲያ ተጓዘ። በዚያም ከብዙ ዓመት ብቸኝነት በኋላ ሌላ ዝሆን በኩምቢው ዳሰሰ። ሰጪውም ተቀባዩም በስጦታው የተከበሩበት ቀን አንድ ቀን ነው፤ ተሰጪው ግን 35 ዓመት ከፈለበት።

ከመንግሥት ግቢዎች ውጭ የሚደረገው ደግሞ ይብሳል። ከአፍሪካ ቀንድ የአቦ ሸማኔ ግልገሎች ከእናታቸው እየተነጠቁ፣ በሶማሌ ጠረፍ በኩል ባሕር ተሻግረው በዐረብ አገር ለባለጸጎች ጌጥ እንዲሆኑ ሲሸጡ ኖረዋል። ብዙዎቹም በመንገድ ላይ ያልቃሉ። የተባበሩት የዐረብ ኤምሬትስ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ እንዲህ ያሉትን አራዊት ማንም ሰው በቤቱ እንዳያኖር መከልከሉ የሚመሰገን ነው። ገዢው ቤት ቢዘጋም የሻጩ ቤት ካልተዘጋ ግን ንግዱ አይቆምም። በኢትዮጵያም በሆለታ አጠገብ ቦርን ፍሪ የተባለው ማኅበር ያቋቋመው እንስሳ ኮቴ የሚባል መጠለያ አለ። ስፋቱ 77 ሄክታር ነው። ከነጋዴ እጅ የተወሰዱ አቦ ሸማኔዎች፣ በሰንሰለት ታስረው የኖሩ አንበሶችና ጦጣዎች በዚያ ተጠግተዋል። ወደ ዱር ሊመለሱ የሚችሉት ይመለሳሉ፤ የማይችሉት፣ ይልቁንም በሕፃንነታቸው ከእናታቸው ተለይተው ማደን ያልተማሩት፣ በሰፊ አጥር ውስጥ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። በዚህ ስፍራ ያለው አጥር በደል አይደለም፤ ሌላ ሰው የሠራው በደል ካሣ ነው። ሁለት አጥሮች በመልካቸው አንድ ሲመስሉ፣ አንዱ ማጥመጃ ሁለተኛው ሐኪም ቤት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥበቃ ግን አጥር የሌለበት መሆኑን ቀይ ቀበሮ ያስረዳል። ይህ ፍጥረት በኢትዮጵያ ደጋ ተራሮች፣ በባሌ፣ በአርሲ፣ በወሎ፣ በመንዝና በስሜን እንጂ በሌላ ዓለም የለም። በጠቅላላው ከ500 እንደማይበልጥ ይገመታል። በዓለም ላይ ባሉት የአራዊት ግቢዎችም አንድ ቀይ ቀበሮ አይገኝም። ስለዚህ ተራራው ከጠፋ የሚተካው ጎተራ የለውም። ሊገድለው የሚመጣው ሞትም አብዛኛውን ጊዜ የሰው ጦር ሳይሆን የሰው ውሻ ነው፤ ከእረኞች ውሾች የሚተላለፈው የእብደት በሽታ በአንድ ወቅት ብዙዎችን ይፈጃል። ይህንም ያስተዋሉ ጠባቂዎች ቀበሮውን ከመዝጋት ይልቅ የመንደር ውሾችን ይከትባሉ። በ2012 ዓ.ም. በስሜን ተራራ አንድ ቀይ ቀበሮ እግሩ ተሰብሮ ተገኘ። ጠባቂዎቹ በዚያው ተራራ ላይ መጠለያ ሠርተው፣ እስኪድን ድረስ አስታመው፣ ተረፈ ብለው ስም አውጥተው፣ ወደ ወገኖቹ ለቀቁት። በሩ የተዘጋው ለሕክምና ያህል ነው፤ የተከፈተውም ገና ሲዘጋ በታሰበው ቀን ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ምክር ለሹማምንትም ለካህናትም የሚሆን ነው። መንግሥት ስለ ዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም በአዋጅ ቍጥር 541/1999 ሕግ አቁሟል፤ ያለ ፈቃድ አውሬን መያዝም መነገድም የሚያስቀጣ ነው። ይሁን እንጂ ሕግ የሚከለክለውን ብቻ መተው የጥሩ ሹም መለኪያ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በቀድሞው ቤተ መንግሥት ቅጥር የተከፈተው አንድነት ፓርክ ጥቁር ጋማ ያላቸውን አንበሶች ለሕዝብ ያሳያል፤ ሌሎች ከተሞችም እንዲህ ያለውን መመኘታቸው አይቀርም። እንግዲህ አዲስ ግቢ ለመሥራት የሚያስብ ማዘጋጃ ቤት፣ መሠረቱን ከመጣሉ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ይመልስ። ይህ አውሬ የሚገባው ከምን መከራ ለመዳን ነው? ጠባቂው ማን ነው፤ የበጀቱ ዓመት ሲያልቅስ ቀለቡና ሐኪሙ ከወዴት ይመጣሉ? ልጅ ቢወልድ የሚወጣበት በር የት ነው? ለሦስቱ መልስ ያለው ይሥራ። ለሦስተኛው መልስ የሌለው ቢያንስ አያራባ። ለአንዳቸውም መልስ የሌለው ግን፣ ያን ገንዘብ ተራራውንና ዱሩን ለሚጠብቁት ሰዎች ደመወዝ ያድርገው።

ካህናትም በዚህ ነገር ባዕድ አይደሉም። በሰሜንና በመካከለኛው የኢትዮጵያ ደጋ፣ ዙሪያው ሁሉ እርሻ በሆነበት አገር፣ አሮጌ ዛፍ የቀረው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ነው፤ ወፉም ጦጣውም በዚያ ይጠለላል። ይህን ያቈዩት ብረት አጥረው ሳይሆን የቅጥሩን ዛፍ መቍረጥ ነውር መሆኑን ለሕዝቡ በማስተማር ነው። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይም የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል የማያውቅ የለም። ጻድቁ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል፤ አንበሶችና ነብሮች በግራ በቀኛቸው ተሰልፈዋል። ሠዓሊው በዚያ ሥዕል ላይ ሰንሰለትም ፍርግርግም አልሳለም። ሕፃናትን ወደ አንበሳ ግቢ የሚወስድ መምህር፣ አስቀድሞ በዚህ ሥዕል ፊት ቢያቆማቸውና ከዚያ በኋላ ሁለቱን አስተያይተው እንዲናገሩ ቢጠይቃቸው መልካም ትምህርት ይሆናቸዋል።